ለትምህርት ቤት የትኛው ቴክኖሎጂ? ከመግዛት በፊት የሚደረግ ንጽጽር

አንድ ትምህርት ቤት ለቴክኖሎጂ የሚሆን ገንዘብ ሲያገኝ ስብሰባው ሁሌ የሚጀመረው በዕቃ ስም ነው። አንዱ ታብሌት ይላል። ሌላው ስማርት ቦርድ። የአይሲቲ መምህሩ ደግሞ «የኮምፒውተር ክፍሉ ይታደስ» ብሎ ይሟገታል። ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው። ክርክሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ድምፁ ከፍ ያለው ሰው ሲያሸንፍ ነው።

ለጊዜው ዕቃዎቹን ተዉአቸውና ክፍሉን እንይ። መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሦስት ሥራ አለበት። ያስረዳል። ያለማምዳል። ማን እንደገባው፣ ማን እንዳልገባው ይለያል። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ዕቃ የሚያግዘው የመጀመሪያውን ነው። ለማየት ያምራል፤ ጎብኚ ሲመጣም ይታያል። ክፍተቱ ያለው ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ነው። 50 ተማሪ ያለበትን ክፍል አስቡት። መምህሩ አሳምሮ ያስረዳል፣ «ገባችሁ?» ይላል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ሦስት ልጆች እጅ ያወጣሉ፤ መልሳቸው ትክክል ነው፤ ትምህርቱ ይቀጥላል። የ47ቱ ነገር የሚታወቀው ፈተና ሲታረም ነው።

ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አንዱ የሚያሳይ፣ አንዱ የሚጠይቅ ሁለት ዕቃ ፊቴ ቢቀርብ የሚጠይቀውን እወስዳለሁ። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የማወዳድረው በዚህ ነው።

ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ወይስ የጋራ?

እዚህ ላይ ሳይነሳ የማይታለፈው የፔሩ ታሪክ ነው። አሜሪካዊው የቴክኖሎጂ ምሁር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2005 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የሚለውን ሐሳብ ይዞ ሲነሳ 100 ዶላር የሚሸጥ ላፕቶፕ ለመሥራት ነበር ያሰበው። ዋጋው እዚያ ድረስ አልወረደም። ቢሆንም ብዙ አገሮች ገዙት፤ ፔሩም በገፍ ገዛች። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች በገጠር ያሉ 319 ትምህርት ቤቶችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱን አወጡ። ከ15 ወር ገደማ በኋላ ላፕቶፕ ያገኙትና ያላገኙት ልጆች በሒሳብም በቋንቋም ፈተና አልተለያዩም።

ላፕቶፑ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ አልነበረም። ልጆቹ ተጠቅመውበታል። ግን ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። መምህሩ የትኛውን ምዕራፍ ሲያስተምር ምን እንደሚሠራበት የሚነግረው የለም። ዕቃው መጣ፣ ትምህርቱ በነበረበት ቀጠለ።

ይህ ማለት አንድ ለአንድ ሁሌም ኪሳራ ነው ማለት አይደለም። ተማሪዎቹ ከፍ ያሉና ብዙ የሚጽፉ ከሆኑ፣ ዕቃውን ቤት ወስደው የሚሠሩበት ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱም የተሰነጠቀ ስክሪንና የደከመ ባትሪ የሚቀይርበት በጀት ካለው ያዋጣል። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ የጋራው ይሻላል።

የጋራው ራሱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የኮምፒውተር ክፍል ነው። ጥበቃው ቀላል ነው፣ ኬብሉ አንዴ ይዘረጋል፣ ኃላፊው ይታወቃል። ጣጣው ጊዜው ላይ ነው። ከ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ላይ ተማሪ ተሰልፎ እስኪሄድ፣ ቁልፍ እስኪመጣ፣ የይለፍ ቃሉን የረሳው ልጅ እስኪስተናገድ ድረስ ሩቡ ያልፋል። ደግሞም ክፍሉ የአይሲቲ ትምህርት ብቻ መስጫ ይሆንና የሒሳብና የባዮሎጂ መምህራን በዓመት አንዴ እንኳ አይረግጡትም።

ሁለተኛው ታብሌት ወይም ላፕቶፕ የጫነ፣ ከክፍል ክፍል የሚገፋ ጋሪ ነው። ቻርጀሩ ጋሪው ውስጥ ነው። ዕቃው ወደ ትምህርቱ ይመጣል እንጂ ትምህርቱ ወደ ዕቃው አይሄድም። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ደረጃ የሌለው ወይም ሊፍት ያለው ሕንፃና ማታ ማታ ሁሉንም ቻርጅ ላይ የሚሰካ፣ ስሙ የሚታወቅ ሰው። «ሁላችንም እንከታተላለን» ከተባለ ማንም አይከታተልም።

በነገራችን ላይ ለሁለት ልጅ አንድ ስክሪን መስጠት የድህነት መፍትሔ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ሁለት ልጆች አንድ ጥያቄ ላይ ሲከራከሩ ምክንያታቸውን ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ በአጠገባቸው የሚያልፈው መምህርም የት ላይ እንደተሳሳቱ ይሰማል። ለብቻው ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ልጅ ምን እያሰበ እንደሆነ ግን ከጀርባ አይታወቅም። ኪቦርዱን ሁሌ አንዱ ብቻ እንዳይዝ በየተወሰነ ደቂቃ ማቀያየር ነው።

ፕሮጀክተር፣ ቴሌቪዥን፣ ስማርት ቦርድ

ይህን ክፍል ባጭሩ ላሳልፈው። ፕሮጀክተር ትልቅ ምስል ይሰጣል፤ ክፍሉ ካልጨለመ ግን ይደበዝዛል፣ አምፖል የሚጠቀም ከሆነም አምፖሉ ያልቃል። ትልቅ ቴሌቪዥን በብርሃን ውስጥም ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከኋላ ለተቀመጠው ግን ፊደሉ ያንሳል። ስማርት ቦርድ ላይ ይጻፋል፣ ይሰረዛል፣ የተጻፈው ይቀመጣል። ጥሩ ነው። ሆኖም በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት አንድ ሰው ነው፤ የቀሩት ተመልካች ናቸው። ፕሮጀክተር ላለው ክፍል ስማርት ቦርድ መጨመር ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ የዋጋው ልዩነት ግን ብዙ ነው።

ፕሮጀክተር ካላችሁ አንድ ርካሽ ነገር ጨምሩበት። በማቆሚያ ላይ ወደታች የታሰረ ካሜራ፣ ወይም የመምህሩ ስልክ። የአንድ ተማሪን ደብተር ከሥሩ አስቀምጡና ግድግዳው ላይ ይውጣ። «እዚህ መስመር ላይ ምን ተፈጠረ?» ብሎ ክፍሉን መጠየቅ ይቻላል። ማሳያው ወደ መጠየቂያ ተለወጠ ማለት ነው። የተማሪው ስም ባይታይ ይመረጣል።

የሚጠይቁት

ቁም ነገሩ እዚህ ነው። መጠየቅ ለምን ይህን ያህል ይጠቅማል? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሙከራ አንዳንድ ተማሪዎች ጽሑፍን ደጋግመው አነበቡ፤ ሌሎቹ አንብበው ያስታወሱትን ያለ ጽሑፉ እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ራሳቸውን የፈተኑት ብዙ አስታወሱ። ትምህርት ቤት ደግሞ የሚሠራው ለሳምንትና ለዓመት እንጂ ለአምስት ደቂቃ አይደለም።

ስለዚህ ምን አማራጭ አለ? ከቀላሉ እንጀምር፤ እሱም ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ትንሽ ነጭ ሰሌዳና ማርከር መስጠት። መምህሩ ይጠይቃል፣ ሁሉም ይጽፋል፣ «አሳዩ!» ሲባል ሁሉም ያነሳል። በአንድ እይታ ማን እንደገባው ይታወቃል። ቴክኖሎጂ ነው ብሎ የሚያስበው የለም፤ የሚገዛ ማንኛውም ዕቃ ግን ከዚህ መብለጡን ማሳየት አለበት። ጉድለቱ መዝገብ አለመያዙ ነው። ሰሌዳው ሲጠረግ መረጃውም አብሮ ይጠረጋል።

ፕሊከርስ የሚባለው ይህን ጉድለት ይሞላል። ለተማሪው ኮድ የታተመበት ወረቀት ይሰጠዋል። መልሱ «ሀ» ከሆነ በአንዱ ጎን፣ «ለ» ከሆነ በሌላው ጎን አዙሮ ያነሳል። መምህሩ የስልኩን ካሜራ ክፍሉ ላይ ያዞራል፤ የእያንዳንዱ መልስ በስሙ ይመዘገባል። የእያንዳንዱ ልጅ ካርድ ስለሚለያይ ከጎን አይቶ መኮረጅ ያስቸግራል። ለ50 ተማሪ የሚያስፈልገው አንድ ስልክ ብቻ ነው። ገንዘብ ጠባብ በሆነበት ቦታ ከዚህ የተሻለ ስምምነት አላየሁም። የምርጫ ጥያቄ ብቻ መሆኑ ግን ያስጠላል፤ የአሠራር ሂደትን አያሳይም።

ካሁት እ.ኤ.አ. በ2013 ኖርዌይ ውስጥ ተጀምሮ ዓለምን ያዳረሰ የጥያቄ ጨዋታ ነው። ክፍሉን ያነቃል፣ ያስቃል፣ የሰነፈውንም ልጅ ያስነሳል። ለክለሳ ጥሩ ነው። ነገር ግን በተለመደው አሠራሩ ፈጥኖ የመለሰ የበለጠ ነጥብ ያገኛል። ቀስ ብሎ የሚያስብ ልጅ ይሸነፋል፤ ከዚያ መገመት ይለምዳል። ለሒሳብ የምትጠቀሙበት ከሆነ የፍጥነት ነጥቡን አጥፉት ወይም ሰዓቱን አርዝሙት።

ከነዚህ ሁሉ ከፍ የሚለው በየተማሪው ደረጃ የሚሄድ የመለማመጃ ሶፍትዌር ነው። ልጁ ሲመልስ ይከብዳል፣ ሲሳሳት ወደ ኋላ መልሶ መሠረቱን ያስይዘዋል። ደልሂ፣ ሕንድ ውስጥ የተደረገ ጥናት እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። ማይንድስፓርክ በተባለ ፕሮግራም ከትምህርት ሰዓት በኋላ የተማሩ ልጆች በአራት ወር ተኩል ውስጥ በሒሳብ 0.37፣ በሂንዲ 0.23 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የተማሪዎች ውጤት እርስ በርስ የሚራራቅበት መለኪያ) ብልጫ አሳዩ። ለትምህርት ጥናት ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው የታተመው።

እኔን የበለጠ የገረመኝ ግን ጥናቱ ሲጀመር የተገኘው ነው። የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች በሒሳብ በአማካይ ሁለት ክፍል ተኩል ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። የ9ኛ ክፍሎቹ ደግሞ አራት ክፍል ተኩል። መምህሩ የ9ኛ ክፍልን መጽሐፍ ያስተምራል፤ ከፊቱ የተቀመጠው ልጅ ያለው ክፍልፋይ ላይ ነው። ይህን ዓይነት ልዩነት አንድ መምህር በአንድ ጠመኔ ሊያስታርቅ አይችልም። ማሽን ከሰው የሚሻልበት ቦታ ካለ እዚህ ነው፦ ለ50 ልጅ 50 የተለያየ ጥያቄ ማቅረብ።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። በደልሂው ፕሮግራም ልጆቹ 45 ደቂቃ ኮምፒውተር ላይ፣ 45 ደቂቃ ደግሞ በትንሽ ቡድን ከረዳት መምህር ጋር ነበሩ። ሻጭ መጥቶ «ጥናት አረጋግጧል» ሲላችሁ፣ ጥናቱ ውስጥ ሰው እንደነበረ አስታውሱት።

ኢንተርኔት ሲኖር፣ ሲቆራረጥ፣ ሲጠፋ

ብዙ የትምህርት ሶፍትዌር የሚሸጠው ኢንተርኔት ሁሌ እንዳለ ተቆጥሮ ነው። አንድ ሰው ቢሮው ውስጥ ሲሞክረው ይሠራል። 40 ታብሌት በአንዴ ሲከፍተው ይንከባለላል።

ግንኙነቱ አስተማማኝ ከሆነ ጉግል ክላስሩም ለቤት ሥራ መስጠትና መሰብሰብ ቀላል ነው። ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚቆጣጠረው ነገር ከፈለገ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያለው ሙድል የተባለ የመማሪያ ሶፍትዌር አለ፤ በነፃ ይገኛል፣ ግን ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው የለም? እንግዲያው «ነፃ» የሚለው ቃል አያታልላችሁ።

ግንኙነቱ ከተቆራረጠ ኮሊብሪ የተባለውን የመማሪያ ሶፍትዌር ተመልከቱ። ቪዲዮውና መልመጃው አንዴ ይጫናል፤ ከዚያ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ወይም እንደ ራዝበሪ ፓይ ባለች ትንሽ ማሽን አማካይነት ታብሌቶቹ በዋይፋይ ይገናኛሉ። ውጭ ያለው ኢንተርኔት ቢጠፋም አይነካቸውም። መምህሩም ማን ምን እንደሠራ ያያል። ኪዊክስ ደግሞ ውክፔዲያን በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

ምንም ከሌለስ? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኒካራጓ ውስጥ ሒሳብ በሬዲዮ ሲሰጥ ሬዲዮው ይጠይቅና ዝም ይላል፤ ልጆቹ ጮክ ብለው ይመልሳሉ፤ ከዚያ መልሱን ይነግራቸዋል። በሬዲዮ የተማሩት በመደበኛው መንገድ ከተማሩት የተሻለ ውጤት አመጡ። ቅርብ ጊዜ ደግሞ በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ቦትስዋና ውስጥ ለወላጆች በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በኤስኤምኤስ ተላከ፤ ለአንዳንዶቹ ደግሞ መምህር ስልክ ደወለ። ኤስኤምኤስ ብቻ የተላከላቸው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ስልክ የተደወለላቸው ግን በግልጽ ተሻሻሉ። ሁለቱም ስልክ ነው፤ አንዱ ግን ይጠይቃል፣ መልስ ይጠብቃል።

ሲሙሌሽን ወይስ እውነተኛ ቤተ ሙከራ?

ይህ ንጽጽር መልሱ ያልጠበቅሁት ሆኖብኛል። ፌት የተባለውን የሲሙሌሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር ላይ የሚሠራ አስመስሎ ሙከራ፣ ስብስብ የኖቤል ተሸላሚው ፊዚሲስት ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት የኤሌክትሪክ ዑደትን በሲሙሌሽን የተማሩ ተማሪዎች በእውነተኛ ሽቦና አምፖል ከተማሩት በንድፈ ሐሳብ ጥያቄ በለጡ። እውነተኛውን ዑደት እንዲሠሩ ሲታዘዙም አላነሱም። ሲሙሌሽኑ የማይታየውን የኤሌክትሮን ጉዞ ያሳያል፤ የላላ ሽቦ ወይም የተቃጠለ አምፖልም ልጁን ከሐሳቡ አያናጥበውም።

ለኤሌክትሪክ፣ ለጋዝ ሕግ፣ ለሞገድ፣ ለአቶም ሲሙሌሽን እመርጣለሁ። ለኬሚካል ሽታና ቀለም፣ ለማይክሮስኮፕ፣ ለመለካት ልምድ ግን እጅ መንካት አለበት። የልኬት ስሕተት ምን እንደሆነ በስክሪን አይገባም። በጂኦሜትሪ በኩል ጂኦጄብራ የተባለ ሶፍትዌር አለ፤ ሦስት ማዕዘኑን በጣት እየጎተቱ የማዕዘኖቹ ድምር 180 ዲግሪ ላይ ሲቆይ ማየት ሌላ ነገር ነው። መምህሩ «ብትጎትተው ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብሎ ቀድሞ ካላስገመተ ግን ልጁ ዝም ብሎ ይጎትታል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት፦ መልስ ሰጪው ወይስ ጠያቂው?

ቻት ጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ ወዲህ ጥያቄው «እንከልክል ወይስ እንፍቀድ?» ሆኗል። እኔ ሌላ ንጽጽር ነው የማቀርበው፤ እሱም ቱርክ ውስጥ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ተሞክሯል። በሒሳብ ልምምድ ጊዜ አንዱ ቡድን ከተለመደው ቻት ጂፒቲ ጋር የሚመሳሰል ተሰጠው። ሌላው መልስ እንዳይሰጥ፣ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ የተዘጋጀ ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም።

በልምምዱ ላይ የመጀመሪያው ቡድን ምንም ካልተሰጠው በ48 በመቶ በለጠ። ፍንጭ ያገኘው በ127 በመቶ። ደስ ይላል። ከዚያ መሣሪያው ተወስዶ ፈተና ተሰጠ። መልስ ሲቀበል የነበረው ቡድን ምንም ካላገኘው በ17 በመቶ አነሰ። ፍንጭ ሲቀበል የነበረው እኩል ወጣ።

ሁለቱንም ውጤት ልብ በሉ። ፍንጭ ሰጪው ጉዳቱን አስቀረ፤ በፈተናው ላይ ትርፍ ግን አላመጣም። የልምምድ ውጤት ማማሩ መማር አለመሆኑም ቁልጭ ብሎ ታየ። የቤት ሥራው ሁሉ ትክክል ሆኖ የሚመጣ ልጅ ፈተና ላይ የሚወድቅበት ምክንያት ለመምህራን አዲስ አይሆንም።

በዚህ መሠረት ለተማሪ ከመስጠት በፊት ለመምህሩ መስጠት ይሻላል ባይ ነኝ። በአንድ ርዕስ ላይ በሦስት ደረጃ ጥያቄ ለማዘጋጀት፣ ተማሪዎች የሚሳሳቱበትን መልስ ምርጫ ውስጥ ለማስገባት ጊዜ ይቆጥባል። መምህሩ ስሕተቱን ይይዛል፤ ልጁ አይዝም። ለተማሪ ከተሰጠም ፍንጭ ሰጪው ብቻ፣ በክፍል ውስጥ፣ መምህሩ እያየ።

ኩረጃን በሶፍትዌር እንያዝ የሚለውን ግን ተዉት። የቻት ጂፒቲ ሠሪ ኦፕንኤአይ ራሱ ጽሑፍ በማሽን መጻፉን እንዲለይ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ያወጣውን መሣሪያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በሐምሌ አንስቶታል። ሠሪው ያልቻለውን ሻጭ ሲያጋንን ብትሰሙ አትመኑት። ልጁን ጠርቶ «ይህን እንዴት ሠራኸው?» ማለት ይበልጣል።

ለንባብ፣ ለማስታወሻ

ረጅም ጽሑፍ ከሆነ ወረቀት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣና 54 ጥናቶችን ያጣመረ ትንተና ሰዎች ከስክሪን ይልቅ ከወረቀት ሲያነቡ የተሻለ እንደሚረዱ አሳይቷል፤ በተለይ ጊዜ ሲያጥርና ጽሑፉ መረጃ ሲሆን። ለተረትና ለልብ ወለድ ልዩነቱ አልታየም። ስለዚህ መማሪያ መጽሐፉን በታብሌት ከመተካት በፊት ሁለቴ አስቡ፤ ቁጠባው የሚመስለውን ያህል አይደለም።

ላፕቶፕ ሲፈቀድ ደግሞ ጎረቤቱም ይታሰብ። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ሙከራ ሌላ ነገር በሚሠራ ሰው ስክሪን አጠገብ የተቀመጡ ተማሪዎች ውጤት በ17 በመቶ ወረደ። እነሱ ምንም አላጠፉም፤ ዓይናቸው ብቻ ነው የሄደው። ላፕቶፕ የሚጠቀሙ ከኋላ ይቀመጡ።

ከመፈረም በፊት

የዕቃው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ ነው። ጥገናው፣ ባትሪው፣ ሥልጠናው፣ በየዓመቱ የሚከፈለው የሶፍትዌር ፈቃድ ይቀጥላል። ሻጩን ፈቃዱ ሲያልቅ ዕቃው መሥራት ያቆም እንደሆነ ጠይቁት። የተማሪዎቹ ስምና ውጤት የት እንደሚቀመጥ፣ ውሉ ሲቋረጥ መረጃው ለእናንተ እንደሚመለስና ከእሱ ዘንድ እንደሚጠፋ በጽሑፍ ያስፍር። ሥልጠናው የአንድ ቀን ብቻ ከሆነ ሥልጠና የለም ብላችሁ ቁጠሩት፤ መምህር የሚጠይቀው ጥያቄ የሚመጣለት ዕቃውን ክፍል ውስጥ ከተጠቀመበት በኋላ ነው።

ሙከራ ሳይደረግ አትፈርሙ። ሙከራውን ደግሞ በጣም ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ ለቴክኖሎጂ ብዙም ደንታ የሌለው መምህር ያድርገው። የሻጩ ቴክኒሻን ክፍል ውስጥ አይኑር። በሁለተኛው ሳምንት ያ መምህር ማንም ሳያስታውሰው ዕቃውን ራሱ መጥቶ ከጠየቀ ግዙት።